ተጠሪው እኔ ነበርኩ

ወንድሜ ባንታምላክ፣

ይህን ደብዳቤ እህታችን ወርቅውሃ በሌለችበት፣ በርህን ዘግተህ አንብበው። ማወቅ ያለብህን ከሰላምታው በፊት እጽፋለሁ፤ በሰላምታው ብጀምር እንደ ልማዴ እዚያው ላይ ቆሜ እቀራለሁና። የእህታችን ልጅ አንዳርጋቸው አርፏል። ያረፈው ጥቅምት 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። የሞቱ ወረቀት እጄ የገባው በዚያው ዓመት ጥር 12 ቀን ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር እኔ እያወቅሁ እናንተ ሳታውቁ ኖራችሁ።

አሁን እንግዲህ ሰላም ልበልህ። እንዴት ከረምህ? የወገብህ ሕመም ቀለል አለህ ወይ? ባለቤትህ ዙፋንስ ጤናዋ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ክረምቱ ደግ ነበር? ጤፉስ እንዴት ይዟል? በአይከል በኩል ተኩስ ይሰማል የሚል ወሬ እዚህ ሲደርስ እንቅልፍ ያሳጣኛል። እኔ ከዓይኔ መድከም በቀር ደህና ነኝ። ልጄ ሐመልማልም ልጆቿም ደህና ናቸው፤ ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ፋሽጋ እንደወረደ ገና አልተመለሰም። ከላይ ያለውን ጽፎ ስለ ጤፍ የሚጠይቅ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ትል ይሆናል። ልክ ነህ። ግን እውነት ናፍቃችሁኛል።

ስልክ እያለ ለምን በወረቀት እንደምትልም አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት መስመር በተገኘ ጊዜ ይህንኑ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደወልሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ ጠይቄህ ዘጋሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ወርቅውሃ አሥራ አንድ ዓመት መውለድ አቅቷት ለገብርኤል የተሳለችውን አንተም ታስታውሳለህ። «ወንድ ከሰጠኸኝ ላንተው ነው» አለች፤ ሰጣት፤ እሷም ቃሏን ጠብቃ ልጁን በስምንት ዓመቱ ለየኔታ አስረከበች። ዲያቆን ሆነ። በ2013 ዓ.ም. በቀበሌው የወታደር ምዝገባ ሲጀመር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጣ። ብዙ ጊዜ ከደጅ ጀምሮ እየሳቀ ነበር የሚገባው፤ የዚያን ቀን ግን ዝም ብሎ ገብቶ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ኋላ «ጋሼ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ስማቸውን ሰጡ። እኔ ግን የተሰጠሁ ነኝ። እናቴ ለገብርኤል የሰጠችኝን እኔ ለሌላ መስጠት እችላለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ባንታምላክ፣ ያ ልጅ ከሰው ሁሉ መርጦ እኔን የጠየቀኝ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርሁ ሰው ስለሆንሁ ነው። እኔም እንደ አስተማሪ መለስሁለት። «የሠራዊት ድርሻ በአገር ነፃነት» የሚለውን የትምህርት ማስታወሻዬን ከሣጥን አወጣሁ። በየዓመቱ ለስድስተኛ ክፍል የማስተምረው፣ በየዓመቱ ለፈተና የማወጣው ነው። «መሥዋዕት» የሚለውን ቃል አሳየሁትና «እየው፣ ቃሉ አንድ ነው። በመንበር የሚቀርበውም መሥዋዕት ነው፤ በጦር ሜዳ የሚወድቀውም መሥዋዕት ነው። እናትህ መሥዋዕት አድርጋ ሰጥታሃለች፤ የት እንደምትቀርብ ግን አልወሰነችም» አልሁት። ፊቱ ወዲያው በራ። «እንግዲያው ገብርኤል ዝውውር ፈቀደልኝ በለኛ!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አስተማሪ ዝውውር ሲጠይቅ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት እነግረው ስለነበር በዚያ ነው የቀለደብኝ።

ለቃሉ የሰጠሁት ፍች ስህተት የለበትም። ስህተቱ ሌላ ነው። ልጁ የጠየቀኝ የቃል ፍች አልነበረም፤ የሌላ ሰው ስጦታ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ነበር። ያልተጠየቀውን የሚመልስ ተማሪ ወረቀት ላይ በቀይ ቀለም የማሰምር ሰው እኔ ነበርሁ። ልለው የሚገባኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «ሂድና እናትህን ጠይቅ» ማለት። ይልቁንስ ራሴ ሄጄ ለወርቅውሃ ስለቷ እንዳልፈረሰ፣ አገር መጠበቅም የእግዜር አገልግሎት እንደሆነ አስረዳኋት። እንጨት እየፈለጠች ነበር። መጥረቢያውን አቁማ ረጅም ጊዜ አየችኝና «አንተ ካልህስ እሽ» አለች። መጥረቢያውን መልሳ አነሣች።

ቅጹንም የሞላሁት እኔ ነኝ። የቀበሌው ጸሐፊ የልጁን ስም አጣሞ ስለጻፈው ወረቀቱን ከእጁ ተቀብዬ በራሴ እጅ ጽሑፍ አስተካከልሁት። «ተጠሪ» የሚለው ቦታ ላይ የእናቱን ስም ልጽፍ ብዕሬን ካሳረፍሁ በኋላ፣ ማንበብ አትችልም፣ ደብዳቤ ቢመጣ ለሰው ማሳየቷ አይቀርም ብዬ የራሴን ስም ጻፍሁ። እሷን ያገዝሁ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ወረቀቱ ሲመጣ ለእኔ መጣ።

አሁን የምነግርህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ወረቀቱን ሳነበው በመጀመሪያ ያየሁት ሞት የሚለውን ቃል አይደለም። «አንዳርጋቸዉ» ተብሎ ነበር የተጻፈው፤ መጨረሻው ላይ በ«ው» ፈንታ «ዉ»። እኔ ቅጹ ላይ በትክክል መጻፌን አውቃለሁ። ስለዚህ ይህ የእኛ ልጅ አይደለም፣ ሌላ አንዳርጋቸው ነው አልሁ። በዚያች አንዲት ፊደል አሥራ ሦስት ቀን ተደግፌ ቆየሁ። ከዚያ ከመለያ ቁጥሩ ጋር አስተያየሁት። ቁጥሩ አንድ ነበር።

መርዶ ለመንገር ሁለት ጊዜ ወጥቼ ሁለት ጊዜ ከቤቷ አጥር ተመለስሁ። በሁለተኛው ጊዜ ከውስጥ ሆና አይታኝ ኖሮ «ጋሼ ዓለምነው፣ ምነው ትቆማለህ፣ ግባ እንጂ!» ብላ ተጣራች። ገዳሪፍ ዓይኔን ልታከም መሄዴ ነውና ልሰናበትሽ መጣሁ አልኋት። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣ ውሸት ነው፤ ስለተናገርሁት ግን መሄድ ነበረብኝና በሳምንቱ መተማን ተሻገርሁ። ሐኪም ዓይኔን አይቶኝ አያውቅም።

ከጦርነት ወሬ የራቅሁ መስሎኝ በመጣሁ በሦስተኛው ወር እዚህ አገር ጦርነት ተነሣ። ከካርቱም የሸሸው ሁሉ በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ሲጎርፍ ሐመልማል «አባዬ፣ እኛም እንሂድ፣ አገርህ እኮ ነው» ብላ ለመነችኝ። እምቢ አልሁ። ጎረቤቶቻችን «ኡስታዝ አይፈራም» እያሉ ያወሩልኛል፤ መምህሩ ማለታቸው ነው። ሰው ሁሉ የሚሸሽበት ቦታ እኔ የሸሸሁት ቦታ መሆኑን ማን ይንገራቸው? በገበያው ድምፅ ማጉያ ስለ ሠራዊቱና ስለ ኢስቲቅላል፣ ማለትም ስለ ነፃነት ሲነገር ከአረብኛው የሚገባኝ ጥቂት ነው፤ አካሄዱን ግን ከየትም ሆኜ አውቀዋለሁ፤ የራሴ ማስታወሻ ነው።

እንዳትሳሳትብኝ። አገር ያለ ወታደር ትኑር አልልም። በዚህ ጠረፍ የኖረ ሰው እንደዚያ አይልም፤ ጠባቂ በሌለበት ቀን ገበሬው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። የነፃነት ትምህርቱን ዛሬም ተነሥተህ አስተምር ብባል አስተምረዋለሁ። የጎደለው፣ ሰጪው ማን እንደሆነ አለመጻፌ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት «ሠራዊቱ ይሠዋል» ብዬ ሳስጽፍ ለእያንዳንዱ ወታደር ያሳደገችው አንዲት ሴት እንዳለችው አንድ ቀን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አልጻፍሁም።

እዚህ ኣባዲ የሚባል ሰው አለ። ከትግራይ ተሰዶ የመጣ ነው፤ ዶካ መንገድ ካለው ካምፕ እየወጣ የሰሊጥ መጋዘን ይጠብቃል። ልጁ ክብርኣብ የእኛ ልጅ በወደቀበት በዚያው ጦርነት በወዲያኛው ወገን ገብቶ የደረሰበት አልታወቀም። ጠፍተው የቀሩ ሰዎችን ለሚፈልጉት ክፍሎች የሚሰጠውን ቅጽ አራት ጊዜ ሞልቼለታለሁ። በእሑድ ቅዳሴ አጠገብ ለአጠገብ ነን። ባለፈው ወር ቄስ ፍሰሃ የሚጸለይላቸውን ስም ሲጽፉ ኣባዲ የልጁን ክርስትና ስም ነገራቸው። «ከሕያዋን ነው ከሙታን?» አሉት፤ ለሁሉም የሚጠይቁት ጥያቄ ነው። ከኋላ የቆሙት ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ኣባዲ «አባ፣ በአንዱ እሑድ ከዚህ፣ በአንዱ እሑድ ከዚያ ጻፉልኝ» አላቸው።

ከእሱ ቀጥሎ ተራው የእኔ ነበር። እኔ የአንዳርጋቸውን ክርስትና ስም ሰጥቼ «ኃይለ ገብርኤል፣ ከሙታን» አልሁ፤ ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ነው የማስጽፈው። ባንታምላክ፣ አንተ በሰኔ በላክህልኝ ደብዳቤ እታለም ወርቅውሃ በየወሩ በ19 የልጇን ስም ከሕያዋን ጋር ታስጠራለች ብለኸኛል። አንድ ልጅ ነው። እዚያ እናቱ በደህና መልስልኝ እያለች ስታስጠራው፣ እዚህ እኔ ነፍሱን ማርልኝ እያልሁ አስጠራዋለሁ።

ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥላ ሥር ተቀምጠን ለኣባዲ ነገርሁት። የእኛ ልጅ በየትኛው ወገን እንደነበረ ስነግረው ይነሣል ብዬ ነበር። አልተነሣም። «እናቱ ታውቃለች?» ብቻ አለኝ። አታውቅም አልሁት። «መምህር፣ አንተ ጉደኛ ሰው ነህ። ለእኔ አራት ቅጽ ሞላህ። ለእህትህ አንድ መስመር አቃተህ? የእኔን ልጅ ነገር የሚያውቅ አንድ ሰው እንዳንተ ወረቀቱን ኪሱ ይዞ የሆነ ቦታ ተቀምጦ ይሆናል። አልረግመውም። ይንገረኝ ብቻ» አለኝ።

ለቄስ ፍሰሃ ተናዘዝሁ። ስግደት እንዲያዙኝ ጠየቅሁ፤ አንድ ሺህም ቢሆን። «ስግደት ይቀልሃል። ተነሥና ሂድ፣ አንተው ራስህ አርዳት» አሉኝ። ጉልበቴን አመካኘሁ። «ወደዚህ ስትመጣ ጉልበትህ የት ነበር?» አሉኝ። እንደዚህ ያሉ ቄስ ናቸው።

እንግዲህ ልቤ የቆረጠው ይህ ነው። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፤ አንተም ብቻህን ሸክሜን እንድትሸከም አልጠይቅህም። እመጣለሁ። አንተ የምታደርግልኝ ሰዎቹን መምረጥ ነው። የንስሐ አባቷ ይኑሩ፤ ከሴቶች ደግሞ ዙፋንና እሷ የምትመርጣቸው ሁለት ሰዎች፤ ሲነጋጋ፣ ወጉ በሚያዘው ሰዓት። የሚናገረው ግን እኔ ነኝ፤ ማንም እንዳይቀድመኝ። ዘንድሮም ጽጌን እየጾመች ነው ብለኸኛል፤ ሰውነቷ እንዳለቀም ጽፈሃል። ለሞተ ልጅ ደህንነት ሦስተኛ ዓመት የምትጾመው በእኔ ዝምታ ነው። ጾሙ ኅዳር 5 ያልቃል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን እህል ቀምሳ ትጠንክር ወይስ አንድ ቀን እንኳ አይጨመርባት፣ ይህን እኔ ከዚህ ሆኜ መወሰን አልችልም፤ የምታያት አንተ ነህ። እስክመጣ ዝም ማለት ቢያቅትህ፣ ፊቷን አይተህ መቆም ባትችል፣ ንገራት። ዝም በል ብዬ የማዝዝበት አፍ የለኝም።

ካወቀች በኋላ ከቤቷ ብታስወጣኝ እወጣለሁ። ብትረግመኝም ተገቢ ነው። ፍትሐቱም ተዝካሩም ግን በስሙ፣ በአገሩ፣ በገብርኤል ደጅ ይሁንለት፤ ዲያቆን ነበር። እስካሁን የቀረበት በእኔ ነው።

ለዙፋን የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ለእሷ ብቻ ዛሬውኑ ንገራት፣ ምክሯ ከእኔና ከአንተ ይሻላል። ልጆችህን አንድ በአንድ ሳምልኝ፤ ትልቋ የጻፈችልኝን አንብቤ የእጅ ጽሑፏ ማማሩን አይቻለሁ። ለየኔታ እጅ ነሥቼ ሰላም እላለሁ፤ ልጁን ከእሳቸው እጅ የወሰድሁት እኔ መሆኔን ሲያገኙኝ እነግራቸዋለሁ። ሐመልማልም ሰላም ትላችኋለች፤ ነገሩን የነገርኋት ትናንት ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ምግቤን አቅርባልኝ ትሄዳለች እንጂ አታናግረኝም። ለወርቅውሃ ሰላምታዬን አታድርስ። እስከዛሬ የላክሁት ሁሉ ይበቃል።

ይህን የሚያደርስልህ ሙዓዊያ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው። ገላባት አራግፎ መተማ ለሚያውቀው ሰው ይሰጥልኛል፤ እሱ ራሱ እስከ ኅዳር 2 ቀን ገላባት ይቆያል። ሌላ ነገር ለመጻፍ ልብህ ካልፈቀደ አትጻፍልኝ፤ የምመጣበትን ቀን ብቻ በወረቀት ላይ አስፍረህ፣ እባክህ ወንድሜ፣ ሙዓዊያ ከመመለሱ በፊት ፈጥነህ ላክልኝ።

ወንድምህ ዓለምነው
ገዳሪፍ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.