ለሚሳይል ፋብሪካ የሰጠነው ምርቃት

ቡታጅራ፣ ሰኔ 14 ቀን 2003 ዓ.ም.

ውድ ናትናኤል፣

ሰላምታ እንዳላበዛልህ ተናድጃለሁ። ጤናህን፣ ሥራህን፣ ብርዱን እንዴት እንደቻልከው ሌላ ጊዜ እጠይቅሃለሁ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ አሁን ግን ቀጥ ብዬ ልናገር። መሥሪያ ቤትህ ለትምህርት ቤታችን ሊሰጥ ያሰበውን ቤተ ሙከራ ለመቀበል የምፈርመው እኔ ነኝ፤ ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ከገባ ሦስት ሳምንት ሆነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ዘንድሮ ሁለቱንም ሆኛለሁ።

በየካቲት የላክኸው ደብዳቤ የደረሰኝ ቀን ግን ከመምህራን ክፍል እስከ ቤቴ ድረስ ለብቻዬ እየሳቅኩ ነበር የሄድኩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ሌንሱንም፣ ሚዛኑንም፣ ሰርኪዩቱንም በጠመኔ ስዬ ነው ያሳየሁት። «ቲቸር፣ ይሄ አምፖል መቼ ነው የሚበራው?» ብለህ ክፍሉን ያሳቅህብኝን አልረሳሁም። አሁን ያ ልጅ «የአራት አገር ሰዎች በጋራ ያቋቋሙት ድርጅት ነው፤ በበረራ ቴክኖሎጂ ላይ ይሠራል፤ ሙሉ ቤተ ሙከራ ሊሰጣችሁ ፈቅዷል፤ የሚፈልገው ስሙ በሩ ላይ እንዲጻፍ ብቻ ነው» ብሎ ሲጽፍልኝ፣ ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ?

አገርህን ታውቃለህ። መንገዱም ትምህርት ቤቱም በሰው መዋጮ የቆመ ነው። ታዲያ የሰጠ ሰው ሥራው በስም ተጠርቶ ሳይመረቅ የሰጠው ነገር አይነካም። ኮሚቴው ተሰበሰበ። ርዕሰ መምህሩ ሽባባው ነበር፤ ጨርቅ ነጋዴው ሳኒ ነበር፤ በዕድሜም በአንደበትም ትልቁ ደግሞ አባትህ ጋሼ ገብሬ ነበሩ። ከጋሪ መሥሪያቸው ታጥበው፣ የእሑድ ኮታቸውን ለብሰው መጡ።

«ድርጅቱ ምንድን ነው የሚሠራው? ስሙን ሳልጠራ እንዴት እመርቃለሁ?» አሉኝ።

«ለአውሮፕላን የሚሆን ዕቃ ነው፣ ጋሼ» አልኩ። ያነበብኩትን ነው የተረጎምኩት።

ሽባባው ስልክ ደወለልህና ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አባትህ ተነሡ፤ እኛም ተነሣን። መጀመሪያ በጉራጊኛ ጀመሩ፤ ቀጥሎ እንደ እኔ ላሉት መጤዎች ብለው ወደ አማርኛ መለሱት። «እጃችሁ አይዛል። የላካችሁት መንገድ አይቅር፤ ካሰባችሁበት ይድረስ። ገበያችሁ ይድራ። ከደጃችሁ ገዢ አይጥፋ።» በእያንዳንዱ ላይ አሜን አልን። አንተም ከወዲያ አሜን ስትል ሁላችንም ሰምተንሃል።

ከሳምንት በኋላ በእንግሊዝኛ ምስጋና ልጻፍ ብዬ ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። እዚያ የምትሠራው ረድኤት ናት፤ ከአንተ በኋላ ያስተማርኳት። የድርጅቱን ስም ስትጽፍልኝ ገጹ እንደ ቡታጅራ ኢንተርኔት ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ መጣ። መጀመሪያ ሰማይ፣ ከዚያ ትንሽ ክንፍ፣ ከዚያ ሹል ነገር። ረድኤት ቀድማኝ አነበበችውና «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ሚሳይል ነው» አለችኝ። ወደ ታች ወረድን። ሌላ ሚሳይል ነው። ከመርከብ የሚተኮስ፣ ከመኪና የሚተኮስ፣ ዒላማውን ራሱ እየተከተለ የሚሄድ። አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች አይደሉም፤ አውሮፕላን የሚጥሉ ናቸው።

በዚያው ቀን ስደውልልህ ያልከኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ቲቸር፣ እኔ የምሠራው እኮ የኮት ቁልፍ የምታክል ሙቀት መለኪያ ናት። ለመከላከያ ነው። እኔ ባልሠራው ሌላ ሰው ይሠራዋል።» በአንድ ትንፋሽ ሦስት ምክንያት ደረደርክልኝ። ፈተና ላይ ግን አንድ ትክክለኛ መልስ ነበር የምትጽፈው።

አባትህን እንዴት ረሳሃቸው? መስቃን ላይ እሳቸው የሠሩት ጋሪ ተገልብጦ የአንድ ሰው እግር የተሰበረ ጊዜ፣ የተሰበረው እሳቸው የበየዱት ብረት እንዳልሆነ ሁሉም እያወቀ፣ ሰውየው እስኪድን ድረስ እየተመላለሱ ጠይቀውታል። «ጋሪው የኔ ነው» ነበር ያሉት። አንተ ደግሞ ቁልፍ ስለምታክል ሙቀት መለኪያ ትነግረኛለህ።

አንድ ያልነገርኩህ ነገርም አለ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳላችሁ፣ በ1992 ግንቦት፣ ሁለት ቀን የቀረሁት አሞኝ አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ምስጋና ጦር ግንባር ሞቶ ነው። ከሰማይ በመጣ ነገር ነው አሉኝ፤ ማን እንደሠራው፣ የት አገር እንደተሠራ የነገረኝ የለም። በሦስተኛው ቀን ተመልሼ የተወረወረ ነገር የት እንደሚያርፍ አስሉ አልኳችሁ። ቀድመህ የጨረስከው አንተ ነበርክ፤ በርታ ብዬህ ወደ ቤቴ ሄጄ አለቀስኩ። በዚያ ቀን ስለ ምስጋና ብነግርህ ኖሮ የምትለወጥ ይመስለኛል፣ ደግሞ መልሼ አይመስለኝም። ይህ ራሱ ያበሽቀኛል።

ለኮሚቴው ነገርኳቸው። ሽባባው ራሱን ያዘ። «እትዬ ዓለም፣ ምን ነበር ባትነግሪን? ሳናውቅ ብንቀበል ኃጢአቱ የኛ አይሆንም ነበር!» አለኝ። ሳኒ ደግሞ «ወላሂ፣ እነሱ እንደሆነ እኛ ተቀበልንም አልተቀበልንም መሥራታቸውን አይተዉም። ልጆቹ ምን በደሉ?» አለ። ሁለቱንም ልቆጣ ፈልጌ አቃተኝ፤ እኔም ሌሊት ሌሊት ራሴን የምለው ይህንኑ ነው። በመጨረሻ አንቺ አስተማሪዋ ነሽ፣ አንቺ ወስኚ ብለው ተነሡ። ለመመረቅ ጊዜ ሁላችንም ነበርን፤ ለመወሰን ጊዜ ግን ብቻዬን ቀረሁ።

አባትህም ይህን ሁሉ ሰምተዋል። ስወጣ ተከትለውኝ መጡና እስከ አስፋልቱ ድረስ አብረን ሄድን።

«ፈርሚ አልልሽም፣ አትፈርሚ አልልሽም» አሉኝ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ገበያችሁ ይድራ ስል ልጄ አሜን ብሏል። ምን እየመረቅኩ እንደነበር ያውቅ ነበር?»

«መስመሩ ይቆራረጥ ነበር፣ ጋሼ። ምርቃቱን በደንብ የሰማው አይመስለኝም» አልኩ።

ዓይኔን ሳያዩ «ይሁን» አሉና ወደ ጋሪ መሥሪያቸው ተመለሱ። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም። ከዚያ ወዲህ ስልክህ ይጠራል፣ አታነሣውም፤ ይኸው ወደ ወረቀት ተመለስኩ።

ወስኛለሁ። አልፈርምም። በመስከረም ስልሳ ልጅ ፊት ባዶ እጄን ስቆም አንተንም ራሴንም እንደምረግም አውቃለሁ፤ ትክክል መሆኔንም አልምልልህም። ምናልባት ሳኒ ነው ልክ። ግን ያ ስም በተጻፈበት በር ሥር እያለፍኩ ማስተማር አልችልም፤ አልችልም በቃ።

ለአባትህ ደውልላቸው። ያውቅ ነበር ወይ ያሉትን ራስህ መልስላቸው። ምርቃታቸውን ለምን እንደተቀበልክ ንገራቸው፤ ይቆጡህ፣ ያልቅሱ፣ ልጃቸው ነህና ይችሉሃል። እስከ ሐምሌ አጋማሽ እጠብቅሃለሁ። ካልደወልክ ጋሪ መሥሪያቸው ድረስ ሄጄ እንደዋሸኋቸው እነግራቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ አንተን የሚያጡት ከኔ አፍ ሰምተው ነው።

አሁንም እወድሃለሁ፤ ንዴቱም ከዚያ የመጣ ነው። ፊርማዬን ከዚህ ደብዳቤ ግርጌ ታገኘዋለህ፤ ሌላ ቦታ አትጠብቀው።

አስተማሪህ
ዓለምዘውድ