ስልሳ አራት ወንበር፣ ሁኔታው ደህና

ሰኞ፣ ማርች 2

ዛሬም ዝናብ። ገና ሳይነጋ የትምህርት ቤቱን በር ከፈትኩ። የሁለተኛ ፎቅ ማሞቂያ እንደገና ያቃስታል። አሁንስ በዛ... ከኔ በፊት ጡረታ ሳይወጣ አይቀርም።

ዳይሬክተሯ ፍራው ሊንድነር ቢሮ ጠራችኝ። ከፋሲካ ዕረፍት በኋላ ለሦስተኛ ፎቅ አዲስ ወንበር ይገባል አለች። ምድር ቤት ያሉት ስልሳ አራቱ አሮጌ ወንበሮች መውጣት አለባቸው። ፎርም ሰጠችኝ። ቁጥር በቁጥር ዘርዝረህ፣ የእያንዳንዱን ሁኔታ ጽፈህ አምጣ አለችኝ።

እነዚያን ወንበሮች አውቃቸዋለሁ። ሁለት ክረምት ሙሉ ሙጫ ስቀባ፣ ብሎን ሳጠብቅ ነው የከረምኩት። የማይሆኑትን ያኔውኑ ጥያለሁ። የቀሩት ዝሆን ቢቀመጥባቸው ንቅንቅ አይሉም።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለሣራ ነገርኳት። ፊቷ በራ። ቦናመስ ሰፈር የተከራየነው የጸሎት አዳራሽ አርባ የፕላስቲክ ወንበር ነው ያለው፤ ግማሹ የተሰነጠቀ። በር ላይ ቆማ ሰው የምታስቀምጠው ደግሞ እሷ ናት። ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና የተደረጉትን እማማ እፀገነትን በየሳምንቱ የሚያጣጥፋቸው ያ ወንበር ያሳፍራታል። ለገመቹ ንገረው፣ እንጸልይበት አለች። ምን ክፋት አለው? ደወልኩለት።

ዓርብ፣ ማርች 6

የጸሎት ምሽት። ገመቹ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ ልቡ ንጹሕ፣ ድምፁ ትልቅ። የወንበሩን ነገር የጸሎት ርዕስ ብሎ ጀምሮ «በእምነት ተቀብለናል» ብሎ ጨረሰው። ሁሉም አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። ምን ልበል ታዲያ፣ ቆይ ፎርሙ ገና ነው ልበል?

እሑድ፣ ማርች 8

ጉድ ፈላ።

ማስታወቂያ ላይ ገመቹ ስልሳ አራት ወንበር ጌታ ሰጥቶናል ብሎ አወጀ። እልልታው! በወንድም ዓባይነህ በኩል አለ፣ በጣቱ እያሳየኝ። በዚያው ትንፋሽ፣ የነበሩንን አርባ ወንበሮች ኦፈንባኽ ከተማ ለተጀመረው አዲስ ኅብረት ባርከን እንስጥ አለ። አሜን። ካፖርቴን ሳልለብስ ወጣቶቹ መኪና ላይ ጭነው ጨርሰዋል።

ትምህርት ቤቱ አንድ ወንበር ለማውጣት ስንት ፊርማ እንደሚፈልግ አላውቅም ገና። እኛ ግን አርባውን በአንድ አሜን ሸኘን።

ሣራ መንገድ ሙሉ እያዜመች መጣች። ምንም አልነገርኳትም። ፈሪ ነኝ እንዴ?

ሰኞ፣ ማርች 9

ፎርሙን ከሚልካ ጋር አነበብን። ልጄ ጀርመንኛውን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች፤ ለኔ ግን የቢሮ ጀርመንኛ ሁልጊዜ ድንጋይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንበሩ የትምህርት ቤቱ አይደለም፤ የከተማው ነው። ዳይሬክተሯ ራሷ ለማንም መስጠት አትችልም፣ ለቤተ ክርስቲያንም ቢሆን። ዝርዝሩ መጀመሪያ ለሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ይላካል። አራት ሳምንት ይጠበቃል። የሚፈልግ ትምህርት ቤት ካለ ይወስዳል። ከሌለ ለሕዝብ ጨረታ ይወጣል፤ ያኔ እኛም እንደማንኛውም ሰው መሞከር እንችላለን። ሁኔታው «የማያገለግል» ተብሎ የተጻፈ ብቻ ቀጥታ ወደ ቆሻሻ ኮንቴይነር ይሄዳል። ከኮንቴይነር ደግሞ ማን ምን እንዳነሳ የሚጠይቅ የለም።

ሁኔታውን የሚጽፈው ማነው? ሃውስማይስተሩ፣ የሕንፃው ኃላፊ። እኔ።

ሚልካ ትከሻዋን ሰበቀች። «ኤጋል ፓፓ» አለችኝ። ለሷ ሁሉም ነገር ኤጋል ነው፤ ምን ቸገረህ ነው ነገሩ።

ማክሰኞ፣ ማርች 10

ገመቹ ደወለ። ወንበሩን ለእሑድ እንዲያመጣ ከወጣቶቹ ጆኒን መኪና አስይዤዋለሁ አለ። ደንቡን አስረዳሁት። ሳያቋርጥ ሰማኝ፣ ይህ እንኳ ከሱ አይጠበቅም። ከዚያ ቀስ ብሎ፣

«አሮጌ አይደሉም እንዴ?»

«አሮጌ ናቸው።»

«ታዲያ አሮጌ ብለህ ጻፍ። ውሸት አልጠየቅኩህም።»

አሮጌ ሌላ፣ የማያገለግል ሌላ አልኩት። ወንድሜ፣ ሰው ቆሞ ነው የሚጸልየው እኮ አለኝ። እውነቱን ነው። አርባውን ወንበር ማን ስጥ አለህ ልለው ነበር፤ ዋጥኩት።

ስልኩን ስዘጋ ሣራ በር ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። አንድ ቃል ነው ዓባይነህ፣ አንዲት ቃል አለች። ለማን ብለህ ነው የምትጨነቀው? ለከተማው?

ፎርሙን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ረቡዕ፣ ማርች 11

ልጆቹ ከወጡ በኋላ ምድር ቤት ወረድኩ። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። ከሥራቸው የተለጠፈውን ቁጥር አነበብኩ፣ እግራቸውን ነቀነቅኩ፣ ተቀመጥኩባቸው። ሃያ ሰባተኛው ሥር ማስቲካ። አርባኛው ላይ አንድ ልጅ በቢላ ልብ ቀርጿል። አንድም የሚወዛወዝ የለም። ወይኔ... ምነው ሰነፍ ሠራተኛ በሆንኩ!

ስልሳ አራት ጊዜ «የማያገለግል» ብል እጄን ማን ይይዘኛል? ማንም። ፍራው ሊንድነር ሳታየው ትፈርማለች፣ አስራ አንድ ዓመት እንደዚያ ነው። ለዚህ ነው ያልቻልኩት መሰለኝ። ሳታየው የምትፈርመው እኔ ስለጻፍኩት ነው።

በሁሉም ላይ «ደህና» ብዬ ጻፍኩ። ነገ ለፍራው ሊንድነር አስረክባለሁ።

ለሣራ ነገርኳት። እሺ አለች። እሺዋን አውቀዋለሁ።

እሑድ፣ ማርች 15

አዳራሹ ባዶ። ሰው ምንጣፍ ላይ፣ መስኮት ጠርዝ ላይ፣ ግማሹ ቆሞ። እማማ እፀገነትን የድምፅ ማጉያው ሳጥን ላይ አስቀመጥናቸው። ገመቹ ወንበሩ መንገድ ላይ ነው አለ። አሜን አሉ።

አላስቻለኝም። ማይኩን ለመንኩት። ወንበሩ መንገድ ላይ አይደለም አልኩ። ቢያንስ አራት ሳምንት ይቆያል፣ ጨርሶም ላይመጣ ይችላል። በሌላ መንገድ ይመጣ ነበር፤ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ደህና የሆነውን ደህና ነው ብዬ ስለጻፍኩ ነው። የመጀመሪያውም ጥፋት የኔ ነው፣ ባለፈው እሑድ እጄን አውጥቼ ገና ነው ማለት ነበረብኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።

ሣራ በር ላይ ሆና ወለሉን ታያለች። ገመቹ ፊቱ ቀላ።

እማማ እፀገነት ናቸው ያወጡኝ። «ተወው ልጄ፣ ሳጥኑም ደህና ነው» አሉ። ጥቂት ሰው ሳቀ። ሁሉም ግን አይደለም።

ሐሙስ፣ ማርች 19

ሣራ እራት ታቀርባለች፣ ደህና እደር ትላለች። ሌላ ወሬ የለም። ማሞቂያውን ጠገንኩ።

እሑድ፣ ማርች 22

እማማ እፀገነት ከቤታቸው የሚታጠፍ ወንበር ይዘው መጡ፣ በምድር ባቡሩ በዩ-ባን፣ በዚያ ጉልበት። ሳጥኑ ይንቀጠቀጣል፣ መዝሙሩ ወገቤ ውስጥ ገባ አሉ። ማርቲ የምትባለው ከበሮ መቺያችን ዱካ አምጥታለች። ሣራ እስከ መጨረሻው ቆመች። ምንጣፉ ላይ ቦታ ነበር። ሆን ብላ ነው።

ዓርብ፣ ማርች 27

ዕረፍት ነገ ይጀምራል። ዝርዝሩን ካዩት ትምህርት ቤቶች እስካሁን የጠየቀ የለም። ሁለት ሳምንት ቀረ። ማንም ካልፈለገ ጨረታ ነው... ያኔ ገመቹም ይረካል፣ ሣራም ትስቃለች፣ እኔም ሐቄን ይዤ እቀመጣለሁ። በዚህ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት ሁሉ ወንበር ሞልቶለት ይሆን? ይሙላለት።

አሁን ትዝ አለኝ፤ ይህ የምጽፍበት ደብተር ራሱ አምና ከትምህርት ቤቱ ኮንቴይነር ያነሳሁት ነው። ቁጥር የለውም። ግን... ተወው እንግዲህ፣ ግማሹን ሞልቼዋለሁ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 8

ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ሁለት ቀን!

ኢስማዒል ደወለ። ኡንተርሊደርባህ ያለ ትምህርት ቤት ሃውስማይስተር ነው፤ አስመራ ተወልዶ አማርኛ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ከኔ የተሻለ አማርኛ የሚናገር ሰው። የሙያ ኮርስ ላይ ከተዋወቅን ዘጠኝ ዓመት። ሦስት ክፍል ተጨምሮብናል፣ ልጆቹ ከጂም ባመጣነው አግዳሚ ላይ ነው የሚማሩት አለኝ። ዝርዝሩን ያየው ዛሬ ነው። ሌሎች ሃውስማይስተሮች «ደህና» ሲሉ ሄጄ አያለሁ፣ ያንተን ግን ሳላይ ነው ያስፈረምኩት አለ።

ልነግረው ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እንኳን ደስ አለህ አልኩት።

ሻይ ሳፈላ ሣራ ምን ሆነሃል አለች። ነገርኳት። ሄደ በይው አልኳት፣ ስልሳ አራቱም። ለደቂቃ አየችኝ። ከዚያ ስኳሩን አቀበለችኝ። ተናድጃለሁ፣ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 12

ገመቹ ራሱ ተናገረው። ወንበሮቹ ለሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ደርሰዋል፣ ቸኩዬ ያወጅኩት እኔ ነኝ አለ። ትልቁ ድምፁ ትንሽ ሆነ። ለሚቀጥለው እሑድ ሁላችንም ከየቤታችን አንድ አንድ ወንበር እናምጣ አለ። አሜኑ ዛሬ ቀጠን ያለ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 14

ኢስማዒል በከተማው ካሚዮን መጣ። ሁለታችን ጫንን። እሱ ላይ፣ እኔ ታች። ሃምሳው ላይ ስንደርስ እረፍት አደረግንና ቤተ ክርስቲያን እንዴት ነው አለኝ፣ ለወሬ ያህል። ቆመን ነው የምንጸልየው አልኩ። ለምን? እያለ እየጠየቀ ሁሉንም ከአፌ አወጣው።

እጁ ላይ የያዘውን ወንበር አስቀመጠ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ትተወው ነበር።»

«እተወው ነበር።»

«ለዚህ ነዋ።»

ከዚያ ወንበሩን አንስቶ ጫነ። የመጨረሻውን ስናስር፣ ልቡ የተቀረጸበትን አርባኛውን ለአንዲት እግሯ ለሚያማት ልጅ ከመስኮቱ ሥር አደርግላታለሁ አለ። እኔ ቀድሜ በፈረምኩት ወረቀት ላይ የሱን ፊርማ አየሁ። ስልሳ አራት ወጣ፣ ስልሳ አራት ገባ። ምድር ቤቱ ሰፋ፣ ድምፄ እየተመለሰ ይሰማኛል።

ቅር አለኝ። ግን እንቅልፌ ደህና ነው።

እሑድ፣ ኤፕሪል 19

ጠዋት ካልሲ ስፈልግ ኩሽና ውስጥ የሚጎተት ነገር ሰማሁ። ሣራ ናት። ከምግብ ጠረጴዛው ሁለት ወንበር አውጥታ በር ላይ ደርድራለች። አንዱን አንተ ያዝ አለች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ሚልካ ከኛ ጋር ዩ-ባን ውስጥ መታየት ፓይንሊሽ ነው ብላ ሌላ ፉርጎ ገባች፤ አፍራ ነው። የራሷን ዱካ ግን ይዛለች።

ጣቢያው ላይ ስንወርድ ሰው ሁሉ ወንበር ተሸክሟል። የኩሽና፣ የጽሕፈት ቤት፣ የበረንዳ። አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ቤት እየቀየራችሁ ነው ወይ አለኝ። አይደለም፣ ወደ ጸሎት ነው አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

አዳራሹ ሞላ። አንዱ ወንበር ካንዱ አይመሳሰልም። ሣራ ሰዉን ሁሉ አስቀምጣ ስትጨርስ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከስድስት ሳምንት በኋላ።

ከአገልግሎት በኋላ ገመቹ ወረቀት ይዞ መጣ። ወንበሮቹ እዚሁ ሊቆዩ ነው፤ የማን የማን እንደሆነ ዝርዝር ይሠራልን፣ ቁጥርም ይለጠፍ አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ሌላ ቦታ እያየ፣ «ሁኔታም የሚል ጨምርበት። አንተ ነህ የምትጽፈው» አለ። ከሱ አፍ ይህ ይቅርታ ነው። እሺ አልኩት። ትከሻዬን ጨበጠኝ።

እየዞርኩ ጻፍኩ። ቁጥር አንድ የእማማ እፀገነት፣ ደህና። ማርቲ፣ ጭረት አለው፣ ደህና። የኛ ላይ ስደርስ ሣራ በትከሻዬ በኩል አንገቷን አሰገገች።

«የኔን ምን ብለህ ጻፍክ?»

«አንድ እግሩ ይነቃነቃል።»

«ለኔ እንኳ?»

«ለሁሉም።»

ሳቀች። በደንብ፣ ጥርሷ እስኪታይ። ስድስት ሳምንት የናፈቀኝ ሳቅ ነው፣ ሰው መሀል ባይሆን እቅፍ ባደረግኳት። እንግዲያው ጠግነው አለችኝ።

ነገ ከሥራ ስወጣ ሙጫ ከሱቅ እገዛለሁ። የትምህርት ቤቱን አላመጣም።