አረንጓዴ ሆኖ ስለተገኘው ብርቱካን

ለክቡር የሸለቆው የፍራፍሬ ጤናና ደረጃ ጽሕፈት ቤት ዋና ተቆጣጣሪ
ባሉበት (የምሳ ሰዓት ካልሆነ፣ በቢሮዎ)

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ ለመኪናዎና ባለፈው ሰሞን የእኛ ጭቃ ለደፈረው ጫማዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኛ የሜልባ ክሪክ መንደር የብርቱካን ገበሬዎች ይህ ደብዳቤ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ ደህና ነን፤ ከሐሙስ በኋላ ደህና ስለመሆናችን ግን ክቡርነትዎ ከእኛ የተሻለ መረጃ አለዎት።

እኔ ፕሩደንሲዮ ኦጋልዴዝ እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በጭማቂ ፋብሪካው በር ላይ ቆሜ፣ ከየጭነት መኪናው ጥቂት ፍሬ እያነሣሁና እየጨመቅሁ፣ ስኳሩን በመስታወት ቱቦ ስለካ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ ብርቱካን በእርግጠኝነት ያወቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የሚጠጣው ውስጡ እንጂ ቆዳው አለመሆኑን ነው። ይህች ትንሽ እውቀት በክቡርነትዎ መመሪያ ውስጥ መቀመጫ ስላጣች፣ እነሆ በጋዜጣ ቆማ ለመናገር ተገዳለች።

ነገሩን ላልሰማ አንባቢ ሲባል፣ ክቡርነትዎ ቢፈቅዱልኝ በአጭሩ ላስረዳ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአገራችን በቤሊዝ የብርቱካን እርሻዎች ላይ መድኃኒት የሌለው፣ ከሰሊጥ ፍሬ በማትበልጥ ነፍሳት አማካይነት ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚዛመት ገዳይ በሽታ ገብቷል። የታመመ ዛፍ ቅጠሉ ግራውና ቀኙ ሳይስማማ በቢጫ ይዥጎረጎራል፣ ፍሬው ይጎብጣል፣ ይመርራል፣ የፍሬውም ታችኛው ጫፍ ሳይበስል አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። ከዚህች ጫፍ የተነሣ በሽታው «አረንጓዴው በሽታ» ተባለ። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ሌሊቱ በማይቀዘቅዝ በዚህ ሸለቆ ጤነኛ ብርቱካን በስሎም፣ ጣፍጦም፣ ጭማቂው ሊፈነዳ ደርሶም ቆዳው አረንጓዴ ነው። በገና ሰሞን ትንሽ ቢጫ ያለው እንኳ በፋሲካ ተመልሶ አረንጓዴ ይሆናል፤ ጡረታ ወጥቶ ተመልሶ እንደሚቀጠር ባለሥልጣን።

ክቡርነትዎ የበሽታውን ስም ከዋና ከተማ በመጣ ሰርኩላር ላይ አነበቡ፣ ወደ ሸለቋችን ወረዱ፣ አረንጓዴ ብርቱካን አዩ፣ ደነገጡ።

በድንጋጤውም ምክንያት የጎረቤቴ የሚስ ኤሉተሪያ ላምበይ ሦስት መቶ አርባ ዛፎች ግንዳቸው ላይ ቀይ መስቀል ተቀብቶ፣ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ከሥራቸው እንዲቆረጡ ታዘዘ። ይህን ታላቅ ጥንቃቄ በተመለከተ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር ለማቅረብ እጅ እነሣለሁ።

አንደኛ፤ ለንባብ ፍቅርዎ አመሰግናለሁ። አንድ ስም አንብቦ ሦስት መቶ አርባ ዛፍ የሚያስቆርጥ አንባቢ በዘመናችን ብርቅ ነው። እኔም በጡረታዬ ጊዜ ስለተረፈኝ ትንሽ አነባለሁና፣ በሽታው ከጥንት በሚታወቅበት በቻይና ምድር የሚጠራበት ስም «ቢጫው ዘንዶ» ማለት መሆኑን አግኝቻለሁ። እነሱ ቅጠሉን አይተው ቢጫ አሉት፣ ሌሎቹ የፍሬውን ጫፍ አይተው አረንጓዴ አሉት፤ በሽታው አንድ ነው። ክቡርነትዎ ቻይንኛ ስለማያነቡ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን። ቢያነቡ ኖሮ በሸለቋችን ቢጫ የሆነውን ሁሉ፣ ፓፓያውን፣ ሙዙን፣ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ሳይቀር ቀይ ቀብተውት ነበር።

ሁለተኛ፤ በሚስ ቴሪያ በረንዳ ላይ ስላሳዩት ትሕትና አመሰግናለሁ። (በመንደራችን ኤሉተሪያ ብለው ሙሉ ስማቸውን የሚጠሯቸው ቄሱና ክቡርነትዎ ብቻ ናችሁ።) በዚያ ማክሰኞ የቀለም ጣሳዎን አንጠልጥለው ሲደርሱ፣ ሚስ ቴሪያ እንግዳ ጠምቶት ሥራ አይጀምርም በሚለው በአገራችን ደንብ መሠረት ሦስት ብርቱካን ላጡልዎ። አላላጣቸውን እርስዎም አይረሱትም፤ ቢላዋው ሳይነሣ ቆዳው እንደ ጥብጣብ አንድ ወጥ ሆኖ ጉልበታቸው ላይ ይወርዳል፣ ነጩ ስስ ልባስ ይቀራል፣ አናቱ ይቆረጥና ፍሬው በእጅ እየተጨመቀ ይመጠጣል። እንዲህ የተላጠ ብርቱካን ነጭ ስለሆነ አላስደነገጠዎትም። አንዱን መጠጡ። ሁለተኛውን መጠጡ። በሦስተኛው ላይ አገጭዎን በመሐረብ እየጠረጉ፣ «እናቴ፣ እንዴት ነው እንዲህ የሚጣፍጠው! ከየት አስመጥተውት ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሚስ ቴሪያም ቢላዋቸውን ወደ ላይ ቀስረው፣ «ከራስህ በላይ ነዋ፣ ልጄ» አሉ።

ክቡርነትዎ ቀና ብለው ዛፉን አዩት። ዛፉም አረንጓዴ ፍሬዎቹን ይዞ አየዎት። ከዚያም ብሩሽዎን ነክረው መጀመሪያ የቀቡት እሱኑ ነበር። በእኛ ዘንድ ያጎረሰን እጅ መንከስ ነውር ነው፤ ያጠጣን ዛፍ በቀለም መምታት ግን በመመሪያው ስላልተከለከለ ቅር አላለንም። ቆራጭ አድርገው የቀጠሩት የለቃሚዎቹ አለቃ ሳቱርኒኖ ቾክ ብቻ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ጌታዬ፣ እኔ ቤት አንድ በቀቀን አለኝ፤ አረንጓዴ ነው። ላምጣው ወይስ ራስዎ ይመጣሉ?» ብሎ ጠየቀዎት። ጥያቄው እስካሁን ምላሽ ስላላገኘ ወፉ እንቅልፍ አጥቷል።

ሦስተኛ፤ ለላሞቻችን ስላደረጉት አስተዋጽኦ አመሰግናለሁ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ወይም ከዛሬ ጀምሮ እንደሚያውቁት፣ የዚህ ሸለቆ ብርቱካን አብዛኛው ፋብሪካ ገብቶ ይጨመቃል፤ ውሃው በእንፋሎት ይወጣለታል፤ የቀረው ወፍራም ጭማቂ በበርሜል ቀዝቅዞ በመርከብ ባሕር ይሻገራል። ቆዳው ዘይቱ ከተወሰደለት በኋላ ደርቆ የከብት መኖ ይሆናል። በመመሪያዎ ቁጥር አራት ላይ «ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ፍሬ ቆዳው ብርቱካንማ ቀለም ያለው ይሁን» የተባለለት ቆዳ እንግዲህ ይኸው፣ ከሸለቋችን ወጥቶ የማያውቀው ነው። እስከ ዛሬ ከላሞቹ በኩል ስለ ቀለሙ የቀረበ አቤቱታ የለም። ደግሞስ ብርቱካንማ የሚባለው ቀለም ስሙን የወረሰው ከብርቱካን አይደለምን? አሁን ልጁ አባቱን «እኔን አትመስልም» ብሎ ችሎት አቁሞታል፤ ዳኛውም ለልጁ ፈረዱ።

በዚሁ አጋጣሚ የመመሪያው ሽፋን ላይ ያለውን ፎቶግራፍ ሳላደንቅ ባልፍ ንፉግ ያሰኘኛል። በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ የቆመው የብርቱካን ዛፍ «የጤነኛ ዛፍ ምሳሌ» ተብሎ ታትሟል። እውነትም ዓይን ይማርካል፤ ቅጠሉ እኩሌታው ወርቅ፣ እኩሌታው አረንጓዴ፣ እንደ ካርታ የተሳለ። ቀለሙ በተቀባ ማግስት አቤት ልል መጥቼ ሦስት ሰዓት ተኩል ሥሩ ተቀምጬ ስጠብቅዎ በደንብ አይቼዋለሁ። ለማስታወሻም ጥቂት ቅጠል ቀጥፌበታለሁ፤ ይህን ስርቆቴን እዚህ ላይ እናዘዛለሁ።

አራተኛ፤ እዚህ ቁጥር ላይ ቀልዴ ስለሚያንስ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሚስ ቴሪያ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውሎ ነፋሱ የሸለቆውን ዛፍ ሁሉ አንድ ጠዋት መሬት ላይ ባስተኛው ጊዜ፣ ብዙ ሰው እርሻውን ጥሎ ወደ ባሕር ዳር ሆቴሎች ሲሄድ፣ እሳቸው ቀሩ። በኮምጣጣው ብርቱካን ችግኝ ላይ የጣፋጩን ቡቃያ አንድ በአንድ በገዛ እጃቸው አዳቀሉ፤ ማሰሪያ ሲያልቅባቸው የሟች ባለቤታቸውን ሸሚዞች እየተረተሩ አሰሩበት። ከረድፎቹ አንዱን እስከ ዛሬ «ባለ መስመሩ ሸሚዝ» ይሉታል። ክቡርነትዎ ቀለሙን ቀብተው ሲጨርሱ፣ ሊያጽናኗቸው ፈልገው፣ «አይዞዎት እናቴ፣ በምትኩ መንግሥት ችግኝ በነፃ ይሰጥዎታል» አሏቸው። እሳቸውም፣ «ችግኙንስ ትሰጠኛለህ፤ ፍሬ እስኪይዝ የሚፈጀውን አምስት ዓመት ከየት ታመጣልኛለህ?» አሉ። ክቡርነትዎ ይህንን በማስታወሻ ደብተርዎ ላይ ሲጽፉ አይቻለሁ። ምናልባት በበጀት ዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ይካተት ይሆናል ብለን በተስፋ እንጠባበቃለን።

አምስተኛ፤ ለዓይንዎ አመሰግናለሁ። እኔና ሳቱርኒኖ ቾክ ከሚስ ቴሪያ ሠላሳ አራት ረድፎች ከእያንዳንዱ ቅጠል ለቅመን፣ በየከረጢቱ ቁጥር ጽፈን፣ ዋና ከተማ ወዳለው ላቦራቶሪ ልከን ነበር። እግረ መንገዴንም የድሮ ቱቦዬን ከሳጥን አውጥቼ የጭማቂውን ስኳር ለካሁት፤ ፋብሪካው አሥር ካለው በደስታ ሲቀበል፣ የሚስ ቴሪያ አሥራ ሁለት ተኩል አለ። የላቦራቶሪው ውጤት ትናንት ሰኞ ደረሰ፤ ከረድፎቻቸው በአንዱም በሽታው አልተገኘም። ወረቀቱን ይዤ ቢሮዎ በገባሁ ጊዜ የላይኛውን መስመር አይተው መለሱልኝና፣ «ሚስተር ኦጋልዴዝ፣ መመሪያው ምርመራው በዓይን ይሁን ነው የሚለው፤ ላቦራቶሪ አይልም» አሉኝ። ትክክል ነዎት፣ አይልም። መመሪያው ሲጻፍ ዓይን ያለው ሁሉ ያያል ተብሎ ታስቦ ኖሯል።

ስድስተኛ፤ የቀለም ጣሳዎንና ብሩሽዎን ሚስ ቴሪያ በረንዳ ላይ ረስተዋል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምንለምነው አንዲት ፊርማ ብቻ ናት። በመመሪያዎ ቁጥር ሰባት ላይ «ዛፉ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ትእዛዙ በዋና ተቆጣጣሪው ፊርማ ይሰረዛል» ይላል። ፊርማው የሚፈጀው ጊዜ አንድ ብርቱካን ከመምጠጥ ያንሳል፤ በዚህ ረገድ የክቡርነትዎን ፍጥነት በዓይናችን አይተናል። ፊርማው ካልመጣ ግን ሐሙስ ጠዋት የሜልባ ክሪክ ሰው ሁሉ ሩዝና ባቄላውን በድስት ይዞ ከባለ መስመሩ ሸሚዝ ረድፍ ሥር ይቀመጣል። ክቡርነትዎም ቢመጡ ቦታ አለ፤ ሚስ ቴሪያ ይልጡልዎታል።

የቢሮዎ ማራገቢያ ከመዞር፣ ብዕርዎ ከቀለም፣ ወንበርዎ ከእርስዎ እንዳይለዩ ዘወትር የምጸልይ፣ ለሰርኩላር ታዛዥ፣ ለቱቦዬ ታማኝ፣ ከክቡርነትዎ ጥላ ሥር (ይኸውም በበርዎ ካለው ዛፍ ሥር) ሦስት ሰዓት ተኩል የመቀመጥ ዕድል የገጠመኝ፣

ፕሩደንሲዮ ኦጋልዴዝ
የፋብሪካ በር ጡረተኛ፣ ሜልባ ክሪክ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ትናንት ሥራ በዝቶብዎት ወረቀቱን እስከ ታች ስላላነበቡት፣ የመጨረሻውን መስመር እዚህ ላይ መገልበጥ ግዴታዬ ሆኖ አገኘሁት። ላቦራቶሪው የመረመረው ሠላሳ አምስት ናሙና ነው። ሠላሳ አራቱ የሚስ ቴሪያ ረድፎች ናቸው። ሠላሳ አምስተኛው ለማስታወሻ ብዬ የቀጠፍሁት፣ የኪሴን ቅጠል ከከረጢቶቹ ጋር በመቀላቀሌ የተላከ፣ የበርዎ ዛፍ ቅጠል ነው። ሠላሳ አራቱ ንጹሕ፣ ሠላሳ አምስተኛው «አረንጓዴው በሽታ፣ የተረጋገጠ» ይላል። ውስጡን ለቄስ ያሉት አባቶቻችን ለካ የመመሪያዎን ሽፋን አይተው ኖሯል። በሸለቆው ፍሬ የጫነ መኪና ሁሉ ለመመዝገብ የሚቆመው ከዚያው ዛፍ ሥር መሆኑን ሳስብ፣ ነፍሳቱ በእኛ መኪኖች ላይ ያለ ትራንስፖርት ክፍያ ሲሳፈሩ መክረማቸው አሳዝኖኛል። ወረቀቱ አንድ ነው፣ ማኅተሙም አንድ ነው፤ እኩሌታውን አምኖ እኩሌታውን መካድ እንዴት እንደሚቻል አላውቅም፣ ክቡርነትዎ ግን ከእኔ ይልቅ ልምድ ይኖርዎታል። ሳቱርኒኖ ቾክ በበኩሉ፣ «ወረቀቱ ልክ ከሆነ ሥራው አንድ ዛፍ ነው፤ ከቁርስ በፊት እጨርሰዋለሁ። ልክ አይደለም ካሉ ሌላ ቆራጭ ይፈልጉ፤ ሞተር መጋዝ ያለኝ ግን እኔ ብቻ ነኝ» ብሏል። ስለ ጣሳው አይጨነቁ። ቀለሙ እንዳይደርቅ ሚስ ቴሪያ ጥብቅ አድርገው ከድነውታል፤ ለአንዲት መስቀል የሚበቃ ቀርቶበታል።