የቶአደር የእንጨት ባሱን

ለልጄ ጓደኛ፣

የልጄ የቶአደር ወሬ የደረሰኝ ቀን ለክረምት የሚሆን ጎመን በርሜል ውስጥ እየደረደርኩ ጨው እነሰንስ ነበር። ፖሊሱ የአጥሩ በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ ሳይነግረኝ ገባኝ፤ እኔ ግን «ግባ፣ ብርድ ነው» አልኩት። ቶአደር የተሳፈረበት አውቶብስ የተራራው መታጠፊያ ላይ በበረዶ ተንሸራቶ እንደ ተገለበጠ ነገረኝ። ቀጥሎም የሚያጽናናኝ መስሎት፣ «የሚነፋው ባሱን ግን ደህና ነው፤ ሳጥኑ እንኳ አልተጫረም» አለኝ። በእጄ የነበረውን ጨው በሙሉ በርሜሉ ውስጥ ደፋሁት። ያን ጎመን ማንም አልበላውም፤ ዘንድሮም አልደረደርኩም።

ከሰላምታ በፊት በዚህ በመጀመሬ አትቀየሚኝ። እንደምን ሰነበትሽ? ያ ሳልሽ ተሻለሽ? የያሺ ከተማ ብርድ እንዴት ነው? እናት አባትሽ ደህና ናቸው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አይቻቸዋለሁ። እኔም በጤናዬ ደህና ነኝ፤ ያቃተኝ መቀመጥ ብቻ ነው። ይህችንም የምጽፍልሽ እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነው፤ ጽሕፈቴ ቀርፋፋ መሆኑን ደግሞ ታውቂያለሽ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የሙዚቃ ኮሌጁ ያዋሰሽን ባሱን ልትመልሺ ነው፤ የራስሽንም የፕላስቲክ ባሱን ልትገዢ አስበሻል። አይሰነጠቅም፣ እርጥበት አያበላሸውም፣ ለትከሻም ይቀላል ትያለሽ። ምን ይመስልሻል ብለሽ እኔን ትጠይቂኛለሽ። እኔ ስለ ባሱን የማውቀው፣ ቶአደር ያንን ረጅም ነገር አቅፎ በወፍራም ድምፁ ሲያጉረመርምበት ጎረቤቱ ሁሉ «የጭስ ማውጫው ተነሳ!» እያለ ይስቅ እንደነበር ነው። መምህራችሁ ለአርባው የመጣ ጊዜ ግን፣ ባሱኑን ለአንቺ ልሰጥ አስቤ ጠይቄው ነበር። ለተማሪ ከእንጨቱና ከፕላስቲኩ የቱ ይሻላል ስለው፣ «ፕላስቲኩ እንደ ጎማ ቦት ነው እመቤቴ፤ ጭቃ አይፈራም፤ ተማሪ ቢጀምርበትም አያሳፍርም። እንጨቱ ላም ነው። ካላለቧት ትነጥፋለች» አለኝ። ድምፁስ ስለው የፕለም አረቄውን ጨለጠና፣ «ድምፁማ ምን ይጠየቃል!» አለ።

ታዲያ ላሚቱ እየነጠፈችብኝ ነው። ባሱኑን ከምድጃው አጠገብ አኖረዋለሁ፤ ይደርቃል ብዬ ጓዳ አስገባዋለሁ፤ ጓዳው ይረጥባል ብዬ አውጥቼ አልጋው ላይ አስተኛዋለሁ። አንድ ቀን ክፍሎቹን ልግጠም አልኩና እንደ መሰለኝ ገጥሜ ብነፋው እንደ ዝይ ጮኸብኝ። ብቻዬን ሳቅኩ። ከሳቁ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም።

ፕላስቲኩን የመረጥሽው ስለ እርጥበት አይመስለኝም። በአርባው ቀን ንፍሮው ቀርቦ፣ ሻማው በርቶ፣ የቶአደርን ዕቃ ስለ ነፍሱ ሳድል ነበርሽ። ኮቱን ለጎረቤታችን ለሲልቬስትሩ ሰጠሁት፤ «ነፍስ ይማር» ብሎ ተቀበለ። ጫማውን ደወል ደዋዩ ወሰደ፤ እሱም «ነፍስ ይማር» አለ። ስለ ሙት የተሰጠ ነገር በዚያ ቃል ካልተቀበሉት ለሙቱ እንደማይደርስ በእኛ አገር ሕፃን እንኳ ያውቃል። ባሱኑን ለአንቺ ዘረጋሁ። አንቺ «አመሰግናለሁ» አልሽ።

የሰፈራችን እትዬ ሳፍታ አፏ አያርፍም። «አንቺ ልጅ፣ ገበያ የወጣሽ መሰለሽ እንዴ? ነፍስ ይማር በይ እንጂ! ምስጋናማ ለቋሚ ነው!» አለችሽ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየሽ። ቃሉ ግን ከአፍሽ አልወጣም። ሳጥኑን አግዳሚው ላይ አስቀምጠሽ በጓሮ በር ሄድሽ። ከዚያ ወዲህ ቤቴን አልረገጥሽም።

ሥርዓት አታውቅም ይሉሻል። እነሱ የሰሙት የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው። እኔ ግን አጠገብሽ ነበርኩና ሁለተኛውንም ሰምቻለሁ። «አመሰግናለሁ፣ እማዬ» ነበር ያልሽኝ። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ እትዬ ነበርኩ። በእናንተ መሃል ምን እንደ ነበር አልጠይቅሽም። ቶአደርም የነገረኝ ነገር የለም። ብቻ በመጨረሻው ሰሞን ለዕረፍት ሲመጣ፣ ሳላዝዘው እያፏጨ እንጨት ይፈልጥልኝ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ቆረጥኩ። ሳፍታ ሳታውቀው እውነት ተናግራለች፤ ምስጋና ለቋሚ ነው። ባሱኑ ስለ ሙት የተሰጠ አይደለም። ለአንቺ ነው የሰጠሁት፤ አመስግነሽኛል፤ አለቀ። ፕላስቲኩንም ግዢው፤ ዝናብ ላይ ለሚነፋበት ድግስ ይሁንሽ። ከእንጨቱ ለመሸሽ ግን አትግዢው። ቅዳሜ ባሱኑን ይዤልሽ እመጣለሁ። በአውቶብስ አይደለም፣ በባቡር ነው። ጣቢያው ጠብቂኝ፤ ሰው ሲያየን ማልቀስ የለም።

እግዚአብሔር ትንፋሽሽን ያርዝመው። ጣቶችሽን ከብርድ ይጠብቅ። የሰው ፊት አያሳይሽ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ያን «ነፍስ ይማር» የሚል ቃል እኔም ብሆን እስከ ዛሬ ከአፌ አላወጣሁትም፤ ሳፍታ ይህን አላየችብኝም። አብረውሽ የሚያድሩት ልጆች ጸሎት የሚያውቁ ከሆነ ይህን ደብዳቤ አንብቢላቸው። እኔና አንቺ እስክንችለው ድረስ እናንተ በሉልን፣ ልጆቼ፤ ስለ ቶአደር ነፍስ ጸልዩ።

አማትሽ