ከባትሪው እስከ ፍሪጇ የዘረጋኸው ሽቦ

ይበልጣል ሆዴ፣

አፈሩ ይቅለልህ። ካለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። ከተለያየን ይኸው ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እኔ ደህና ነኝ እንዳልልህ ታውቀኛለህ፤ ደህና አይደለሁም እንዳልልህም እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ። ብቻ መቀመጥ አቅቶኛል። እንቁላሏ እንደደረሰባት ዶሮ ከጓዳ ወደ በር፣ ከበር ወደ ጓዳ እላለሁ። ይህችንም ደብዳቤ ቤት ውስጥ ጀምሬያት አልሆን ሲለኝ፣ ወጥቼ መኪናዋ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። አንተ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ነኝ። አዎ፣ መንዳት ተምሬያለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የፍኖተ ሰላም ባጃጆች ሲያዩኝ ጥግ ይይዙ ነበር፤ አሁን ለምደውኛል።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ልጃችን ሰላም አስተማሪ ልትሆን ደብረ ማርቆስ ገብታለች። በጽዋው ማኅበር ያንተን ተራ እኔ ይዤዋለሁ፤ ጠላው ሲቀጥንብኝ ማኅበርተኞችህ ዝም ብለው ይጠጡልኛል። የእንስሳት መድኃኒት ቤታችንን ቆርቆሮ አሳድሼዋለሁ። መብራቱ ግን እንደ ድሮው ነው፤ ደመና ባየ ቁጥር ይሄዳል። መብራት በሄደ ቁጥር ደግሞ ክትባቱን ከትልቁ ፍሪጅ አውጥቼ ወደ መኪናዋ ፍሪጅ እሮጣለሁ። ስለዚያች ፍሪጅ ነው ልጽፍልህ የተነሣሁት።

ያመጣሃት ቀን ትዝ ይልሃል? ከባሕር ዳር፣ ፈረንጅ ከሚያጓጉዝ ሹፌር ገዝተህ፣ ጎኗ የተፋፋቀ ሰማያዊ ሣጥን። እኔ ተቆጣሁ። ፈረንጅ ቢራ የሚያቀዘቅዝበትን ለበግና ለዶሮ ምን ያደርግልናል አልኩህ። አንተ ኮፋኖውን ከፍተህ ሽቦ መዘርጋት ጀመርክ። እስከዚያ ድረስ ክትባት የምንጭነው በበረዶ ሣጥን ነበር። በረዶው ቡሬ ሳንደርስ ውኃ ይሆንና፣ እኔ የእንስሳት ሐኪሟ፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ ፍለጋ ሆቴል ለሆቴል ስዞር፣ አንተ መሪውን ይዘህ ትስቅብኝ ነበር።

ፍሪጇን የመኪናዋ ሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ላይ ሰክቼ ልጠቀም ስልህ እንዴት እንዳስረዳኸኝ አልረሳውም። የመለኮሻው ሽቦ ቀጭን ነው፣ ጉልበቱ መንገድ ላይ ያልቃል፤ ፍሪጇ ኃይል ያነሰ ሲመስላት ባትሪውን ላለመጨረስ ራሷን ታጠፋለች፤ መንገዱ ሲያንገጫግጭ ደግሞ ሶኬቱ ይወልቃል፤ ስለዚህ ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው፣ ፊውዙንም ባትሪው አጠገብ። እንዲህ ብለህ ሽቦውን ከወንበሩ ሥር አሳልፈህ፣ በጎማ ቁራጭ ጠቅልለህ፣ እስከ ኋላ ድረስ ወሰድከው። ከዚያ በኋላ ሥራህ መጥረግ ሆነ። የአየር ማስገቢያዋን አቧራ በቀለም ብሩሽ ታራግፋለህ፣ የክዳኗን ጎማ በለብ ያለ ውኃ ታብሳለህ፣ በጎኗ ጆንያ እንዳይደገፍባት ትጣላለህ። ማንኩሳ ገበያ ዳር መኪናዋን አቁመህ ጆሮህን ክዳኗ ላይ ለጥፈህ ስታዳምጥ፣ አንዲት ሴትዮ ሰው ታሞ ውስጥ የተኛ መስሏት "እግዜር ይማርልህ" ብላህ አለፈች። እስክንደርስ ድረስ ሳቅን።

አንተ ከሞትክ በኋላ መኪናዋ ቆመች። ኀዘን ላይ ስለነበርኩ ዞር ብዬም አላየኋትም። ባትሪዋ ሞተ። ወንድምህ ስሜነህ ከማንኩሳ መጥቶ ሌላ ባትሪ አስገባላት፤ ሊሸጥልኝ ነበር ሐሳቡ። ያ ወፍራም ሽቦ ለምን እንደሆነ አልገባውም፤ ለገዢ ደስ አይልም ብሎ ቆርጦ አወጣው። ክፋት የለውም፤ ታውቀዋለህ። "እታለም፣ ሴት ልጅ ብቻዋን በዚህ መንገድ ምን ልትሆኝ ነው? ሽጭና አርፈሽ መድኃኒት ቤትሽን ያዥ" ይለኛል። ማረፍ የሚባለውን ነገር ነው እንግዲህ ያጣሁት። አልሸጥም አልኩት። ፍሪጇን መለኮሻው ላይ ሰክቼ መሥራት ጀመርኩ። በአስፋልቱ ላይ፣ እስከ ቡሬ፣ ደህና ነበረች።

ያለፈው ግንቦት ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ወዲያ ካለች መንደር፣ የበግ ፈንጣጣ ገብቷል የሚል መልእክት ደረሰኝ። እነዚያን የዋሸራ በጎች ታውቃቸዋለህ፤ እዚያ አገር ላቱ የሰባ በግ የሰው ልብስ ነው፣ የልጅ ደብተር ነው፣ የክፉ ቀን መውጫ ነው። ክትባቱን ጭኜ በማለዳ ወጣሁ። ቡሬ ላይ ቆሜ ፍሪጇን ከፍቼ አየሁ፤ ውስጧ ያለው ቴርሞሜትር አምስት ዲግሪ ይላል። ቲሊሊንም አለፍኩ። ከዚያ ወዲያ ሌሊት ዘንቦ ኖሮ፣ አንዲት ቁልቁለት ሥር ጭቃ ያዘኝ። ሞተሩን አጥፍቼ በሬ ፍለጋ ሄድኩ። በሬ ያላቸው ሰዎች እርሻ ላይ ነበሩ። ጥማዱን ፈትተው መጥተው እስኪጎትቱኝ ድረስ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ሞተሩን ሳስነሣው የፍሪጇ አረንጓዴ መብራት በራ። ደስ አለኝ፤ አንተ እንደምታደርገው ክዳኗን መታ መታ አድርጌ መንገዴን ቀጠልኩ።

ደርሼ ስከፍታት መብራቷ ይበራል፣ ቴርሞሜትሩ ግን ሃያ አንድ ላይ ነው።

ለካ ሞተሩ እንደጠፋ፣ በዚያ ቀጭን ሽቦ ላይ ኃይሉ አንሶባት ወዲያው ራሷን አጥፍታለች። ግማሽ ቀን ሙሉ የተሸፈነ ሣጥን በፀሐይ። ይበልጣል፣ እጄ ክዳኑን እንደያዘ ቀረ። ሰዉ ከማለዳ ጀምሮ በጎቹን ይዞ ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ላይ ይጠብቀኛል። ዛፍ ሥር የተኛው በግ ዓይኑ ተደፍኗል፣ አፉ ዙሪያ እንደ ሽምብራ እንደ ሽምብራ ሆኖ ወጥቶበታል። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥቼ አየሁት። ሞቶም ቢሆን ያው ነው፤ ሙቀት የገደለው ክትባት ከሕያው በዓይን አይለይም። መበጥበጫ ውኃውን ቀላቅዬበት ብወጋ ማንም አያውቅም ነበር። እኔ ብቻ። ምናልባት አልሞተም ይሆናል ብዬም አሰብኩ። ግን ምናልባትን ይዤ እንዴት ልውጋ? ተከትቧል ብለው የታመመውን ከጤነኛው ይቀላቅሉታል፤ ያን ጊዜ የተረፈውንም እጨርሰዋለሁ።

"ክትባቱ ሙቀት ነክቶታል፣ አልወጋም" አልኳቸው።

ከዚያ አንድ ጎልማሳ ወደ ፊት መጣ። "እሜቴ፣ ከመጣሽስ ያለውን ውጊልን። የሚተርፈው ይተርፋል።"

"ውኃ ወግቼ ተከትቧል ልበልህ?"

"ውኃም ይሁን! በባዶ እጅ ከምንመለስ።"

ውኃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል ነው ነገሩ፤ አልፈረድኩበትም። ሌላው ከኋላ፣ ድሮውንም የሴት ሥራ እንዲህ ነው ሲል ሰማሁ። የታመሙትን ለዩ፣ ውኃ መጠጫቸውን ለዩ፣ አዲስ በግ ከገበያ አታስገቡ ብዬ የምለውን አልኩ፤ የሰማኝ ጥቂት ነው። ስወጣ እማማ ደብሬ የሚባሉ አሮጊት፣ ሁለት እናት በጎች በገመድ ይዘው፣ መንገዱ ዳር ቆመው ነበር። የሳቸው ዝምታ ነው እስከ ቤቴ ድረስ የተከተለኝ።

በማግስቱ ቡሬ ሄጄ ወፍራም ሽቦና ፊውዝ ገዝቼ መጣሁ። ግቢ ውስጥ ኮፋኖውን ከፈትኩ። አንተ እንዴት እንዳሳለፍከው ለማስታወስ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ እገልጣለሁ። ከባትሪው ወደ ፊውዙ፣ ከፊውዙ በብረቱ ቀዳዳ፣ ከወንበሩ ሥር። ብረቱ ሽቦውን እንዳይበላው ጎማ ጠቀለልኩበት። ማሳ የሚሉትን፣ ባትሪውን ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ ማሰሪያ ዝገት በአሸዋ ወረቀት ፈገፈግኩት። መሐል ላይ እያለሁ ስሜነህ መጣ። ምን እንደማደርግ ቆሞ አየ። ሽቦውን አየ፣ ባትሪውን አየ፣ ፍሪጇን አየ።

"እኔ የቆረጥኩት ይሄንን ነው?" አለኝ።

"እሱን ነው።"

ወንድምህ የሚያፍር ሰው መሆኑን ታውቃለህ። ኮቱን አውልቆ ወንበሩን ነቀለልኝና ሽቦውን ከታች ሆኖ ተቀበለኝ። ስንጨርስ ክትባት ሳልጭን ውኃ የሞሉ ጠርሙሶች ከትቼባት፣ ቡሬ ድረስ ሄደን፣ ሞተሩን አጥፍተን ምሳችንን በልተን ተመለስን። ቴርሞሜትሩ ከስድስት ንቅንቅ አላለም። ስሜነህ ሽያጭ የሚባል ነገር ከዚያ ወዲያ አላነሣም። አዲስ ክትባት ጭኜ ሰከላ ስመለስም "አካፋ ይዤ እከተላለሁ፣ ጭቃ ቢይዝሽ" ብሎ አብሮኝ ወጣ።

እስክንመለስ ግን በሽታው አልጠበቀንም። ብዙ በግ አልቋል። ከእማማ ደብሬ ሁለት በጎች አንዷ ሞታለች። ያቺን የቀረችውን ይዘው ከሰው ሁሉ ቀድመው መጡ። ቴርሞሜትሩን አውጥቼ ለሁሉም አሳየሁ፤ ያ ጎልማሳ ቀረብ ብሎ አይቶ ራሱን ነቀነቀና በግ ሊይዝልኝ እጅጌውን ሰበሰበ። እስከ ከሰዓት ድረስ ስወጋ ዋልኩ።

መርፌዬን ስሰበስብ እማማ ደብሬ መጡ። ይቆጡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ጋቢናው አንገታቸውን አስግገው ስሜነህን አዩና "ይሄ አይደለም" አሉኝ። "ያ ሹፌርሽስ? ያ መኪናውን እንደ ጥጃ የሚያሻሸው? የዛሬ ስንት ዓመት ዶሮ ልትከትቢ ስትመጪ ውኃ እንስራዬን ከምንጩ እስከ ቤቴ አድርሶልኛል።"

ይህን አልነገርከኝም ነበር፣ ይበልጣል። እንስራ መሸከምህን።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ስላንተ ሲጠይቀኝ መልሴ አንድ ነበር፤ አለ፣ ደህና ነው፣ ሥራ ላይ ነው። ሊበን ገበያ ላይ እንዲህ አልኩ፣ ቡሬ ነዳጅ ማደያው ላይ እንዲህ አልኩ። መሞትህን ያልሰሙ ሰዎች ዘንድ እንኳ በሕይወት ብትቆይ ብዬ ነው መሰለኝ። ወይም አንዴ ከቆምኩ መንቀሳቀስ የሚያቅተኝ መስሎኝ። እማማ ደብሬን ግን መዋሸት አቃተኝ። "ሹፌሬ አይደለም፣ ባሌ ነው" አልኳቸው። "ሞቷል፣ እማማ።"

ገመዱን ለቀቁት። በጊቱ ሄደች። አሮጊቷ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬት ላይ ቁጭ አሉና፣ ስምህን ጠይቀውኝ፣ በስምህ አለቀሱልህ። ዘመድ በሌለህ አገር፣ በግ በሞተባቸው ሰሞን። እኔም አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። በለቅሶህ ቀን እንግዳ ስቀበል፣ በተዝካርህ ቀን ድግስ ሳሰናዳ፣ ቁጭ ብዬ አላለቀስኩም ነበር። እዚያ አለቀስኩ። ስሜነህም ወደ መኪናዋ ጀርባ ሄደ፤ ምን እንዳደረገ አላየሁትም። ሰዉ በጎቹን እየነዳ በአጠገባችን በቀስታ አለፈ፤ አንዳንዱ ባርኔጣውን አነሣ።

ተፈወስኩ አልልህም። ዛሬም ቤቱ አልያዘኝም፤ ነገም ሊበን ነኝ፣ ዶሮ ልከትብ። ብቻ ከእንግዲህ ስላንተ ስጠየቅ አልሸሽም። በየመንደሩ የሚጠይቀኝ አይጠፋም፤ ከኔ ተደብቀህ የስንት ሰው እንስራ እንደተሸከምክ እግዜር ይወቀው። በጠየቁኝ ቁጥር ቆሜ፣ ስምህን ሙሉውን ጠርቼ፣ መሞትህን እነግራቸዋለሁ። ከዚያም ምን እንዳደረግክላቸው እጠይቃቸዋለሁ።

ትርንጎህ