ጉርሻ ተቀብለሻል ተብዬ ድንጋይ እንድሸከም የተፈረደብኝን ስለመቃወም

ገዳሪፍ፣ የካቲት 19 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ወልደ ማርያም
በገዳሪፍ የኢትዮጵያውያን ስደተኞች የሽምግልና ጉባኤ ሰብሳቢ

አመልካች፦ ውባየሁ አየነው፣ በአቶ በድሩ ምግብ ቤት አሳላፊ
ተጠሪ፦ ዳምጤ፣ የእርዳታ እህል የሚጭን ሎሪ ሾፌር

ጉዳዩ፦ ባለፈው እሑድ በእኔ ላይ የተሰጠው ውሳኔ እንዲሻርና ለአሳላፊዎች ጉርሻ ልክ እንዲበጅለት ስለመጠየቅ

የተከበሩ ሰብሳቢ፣

ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ቀኙን ተጠሪው ሰብሮታል። ፊደሌ ቢያስቸግርዎ ስለዚህ ይታገሱኝ፤ ነገሩ ግን ግልጽ ነው።

እሑድ ጉባኤው ሲቀመጥ እኔም ነበርሁ። ለመናገር ስነሣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆኑት አቶ ከማሉ፣ «ተቀመጪ አንቺ! ወንድምሽ መጥቶ ይናገርልሽ» አሉኝ። ወንድሜ መንገድ ላይ በረሃብና በወባ እንደሞተ፣ ከመተማ ወዲህ እኔው ራሴ እንደቀበርሁት እሳቸውም እርስዎም ያውቃሉ። ስለዚህ እሱ ሊናገር የሚገባውን እኔ እጽፋለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስሁት ጎንደር ነው፤ ጸሐፊ መቅጠር አላስፈለገኝም።

1. ስለ ሥራዬ። በአቶ በድሩ ቤት ለአሳላፊ ደሞዝ የለም። ከድስቱ የተረፈውን እንበላለን፤ ሌላው ገቢያችን ጉርሻ ነው። ስንት መሰጠት እንዳለበት የወሰነ ሰው የለም። የዱራ ማሽላ ነጋዴው ጥቂት ጊርሽ ሳንቲም ያስቀምጣል፣ ወታደሩ ሲጋራ ይተዋል። ከእርዳታ ድርጅት የሚመጣው ነጭ ሐዋጃ አንድ ቀን የሳምንት ገቢያችንን ጥሎ ይሄዳል፣ ሌላ ቀን አመስግኖ ብቻ ይወጣል። ስደተኛ ምንም አይሰጥም፤ እኛም አንጠብቅበትም። የተገኘውን ከወጥ ሠሪዋ ከበላይነሽ ጋር እንካፈላለን።

የቤቱ ደንብ ይህ ነው፦ እንግዳው ጉርሻውን እተቀመጠበት ትቶ ይነሣል፤ አሳላፊዋ እንግዳው ከበር ሳይወጣ አትነካውም። በእንግዳ ፊት ጉርሻ ማየት ነውር ነው። ይህን ያስተማሩኝ አቶ በድሩ ናቸው። እርስዎም እዚያ ሲበሉ፣ እስኪወጡ ድረስ ወደ ግድግዳው ዞሬ ቆሜ አውቃለሁ። ደንቡን ልብ ይበሉልኝ፤ የተፈረደብኝ በእሱ ነውና።

2. ስለ ወተቱ። በጥር ወር ዳምጤ ምሳውን በልቶ ወጣ። ሰሃኑን ሳነሣ ከሥሩ ምንም አልነበረም። ከወንበሩ ሥር ግን በጆንያ ቁራጭ የተጠቀለለ የወተት ዱቄት ጣሳ አገኘሁ። በዐረብኛ «ለችግረኞች የተላከ፣ የማይሸጥ» ይላል፤ ያነበበችልኝ የአቶ በድሩ ልጅ ራሒማ ናት። ይዤው ሮጥሁ። ሎሪው ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ ተነሥቶ አቧራው ብቻ ቀርቶ ነበር።

ጉባኤው «ለምን ወዲያው አልመለሰችም?» ብሎ ጠይቆ ራሱ መልሷል። የእኔ መልስ ይኸው። በእንግዳ ፊት ማየት ነውር የሆነ ነገር የሚታየው እንግዳው ከወጣ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚመለስለት ሰው ሄዷል። ሌላም አለ። የወንድሜ ሚስት አምሳለ መጠለያው ውስጥ ጡቷ ደርቆ፣ ልጇን ስኳር በውሃ በጥብጣ ታጠጣ ነበር። ከድንኳኗ ግራና ቀኝ ያሉት ሕፃናት በዚያው ሰሞን በጆንያ ተጠቅልለው ወጥተዋል። ጣሳውን ወሰድሁላት። ሕፃኗ ዛሬ በሕይወት አለች። ለዚህ ማንንም ይቅርታ አልጠይቅም። ወተቱ ድሮም የተላከው ለእሷ ነው፤ በዳምጤ ወንበር ሥር ዞሮ ደረሳት እንጂ።

ተመልሶ ሲመጣ ሦስት ሾፌሮች አስከትሎ ነበር። ሰው እየሰማ፣ «እንዴት ነው፣ ወተቱ ጣፈጠሽ?» አለኝ።

«ለሕፃን ነው የሰጠሁት።»

«ታዲያ አንቺስ ሕፃን አይደለሽ? ዳዴ ስትዪ እኮ ነው የማይሽ» ሲል ገበታው በሙሉ ሳቀ።

«ዋጋውን ንገረኝ፤ ቀስ በቀስ እከፍልሃለሁ» አልሁት።

«ጉርሻ ይመለሳል እንዴ? የጎንደር ልጅ ሆነሽ ነውር አታውቂም?» አለና ደግሞ አሳቃቸው። ያን ቀን ምንም እንዳይተው ብዬ አጠገቡ ቆሜ ሸኘሁት። አቶ በድሩ እንግዳ አዋረድሽ ብለው ተቆጡኝ።

3. ስለ ጠቡ። ዓርብ ቀትር ላይ ነው። አቶ በድሩ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ሄደዋል፤ ቤቱ ውስጥ እኔና በላይነሽ ብቻ ነበርን። ዳምጤ ገብቶ በሩን ከውስጥ ቀረቀረው።

«ኻላስ! አበቃ! ዛሬ ሒሳቤን እቀበላለሁ» አለኝ።

«ሒሳብህን ለአቶ በድሩ ንገራቸው። በሩን ክፈት» አልሁት።

ጸጉሬን ይዞ ግንባሬን ከግድግዳው አጋጨኝ። ስነክሰው ቀኝ እጄን ወደ ኋላ ጠመዘዘው። አጥንቱ ሲሰበር የደረቀ እንጨት ድምፅ ነው የሰጠው፤ እሱም ሰምቶታል፣ ግን አልለቀቀኝም። በላይነሽ ዘነዘና ይዛ ከማድ ቤት ወጣች። «ልቀቃት አንተ ውሻ!» ብላ ትከሻውን መታችው። ሆዷን በጫማው ረገጣት። ወደቀች። ደገማት።

እጄን የለቀቀኝ እሷን ለመርገጥ ሲዞር ነው። እዚያው አጠገባችን የሽምብራ ጠዓሚያ የምንጠብስበት ድስት እሳት ላይ ነበር፤ ዘይቱ ይፍለቀለቃል። በግራ እጄ አንሥቼ ፊቱና አንገቱ ላይ ደፋሁት። ሸሚዙን ሲያወልቅ ቆዳው አብሮ ወጣ። ጮኸ። ወድቆም የበላይነሽን እግር ጨብጦ አልለቀቀም፤ በሌላው እጁ ወገቡ ላይ ያለውን ቢላ ይፈልግ ነበር። በባዶው ድስት እጁን መታሁት። ጣቶቹ እስኪፈቱ መታሁት።

ውሳኔው «ከወደቀ በኋላ መታችው» ይላል። እውነት ነው፣ መታሁት። ስለ ቢላው ግን አንድ ቃል የለም። በላይነሽም እዚያ ቤት ያልነበረች ይመስል ስሟ አልተነሣም። ከዚያ ቀን ወዲህ ደም ትሸናለች። ጎንበስ ማለት ስለማትችል ዛሬ ጠዋት ጫማዋን ያሰርሁላት እኔ ነኝ፤ ያውም በአንድ እጅ።

4. ስለ ውሳኔው። ጉባኤው ሦስት ነገር አዝዟል። ድንጋይ አንገቴ ላይ ተሸክሜ ዳምጤ ከተኛበት ድረስ እንድሄድ፣ «ተነሺ» እስኪለኝ እግሩ ሥር እንድደፋ። እምቢ ካልሁ «ጠባየ ብልሹ ሴት» ተብዬ ለፖሊስ እንድሰጥ። ከእንግዲህም የሴት አሳላፊዎችን ጉርሻ ባለቤቱ እንዲቀበል። ምክንያቱ፣ «ከሰው እጅ በልታ ሰውን ማቃጠል ክህደት ነው» የሚል ነው።

ድንጋዩን አልንቅም። አባቴ በድንበር ጠብ ጎረቤቱን በመጥረቢያ አቁስሎ ድንጋይ ሲሸከም በዓይኔ አይቻለሁ። አንገቱ ሲንቀጠቀጥ፣ ሰውየው ሲያነሣው፣ ሁለቱም ሲያለቅሱ አይቻለሁ። አባቴ የተሸከመው በድሎ ስለነበር ነው። ከተሰበረው ክንዷ በላይ ድንጋይ እንድትጭን የታዘዘች ተበዳይ ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ይህ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው ከተባለ፣ አባቶቻችን ተሰድበዋል።

5. ስለ እውነተኛው ምክንያት። ጉባኤው ሊመክር ወደ ውስጥ ሲገባ እኔ ከሸራው በስተጀርባ ነበርሁ። አቶ ከማሉ፣ «ሾፌሩ ከተቀየመ ጓደኞቹም አብረው ይቆማሉ፤ እህሉን ማን ያመጣልናል? ሎሪዎቹ አንድ ሳምንት ቢቆሙ ስንት ሰው እንቀብራለን?» ሲሉ ሰምቻለሁ። እርስዎም «እሷ ልጅ ናት፣ ትችለዋለች» ብለው መለሱ።

በዚህ ፍርሃት አልስቅም። መጠለያው ውስጥ ሬሳ ሲለቀም በየማለዳው የማየው እኔም ነኝ። አንዲት አሳላፊ አንገቷን ብትደፋ ሺህ ሰው የሚበላ ቢሆን ኖሮ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ጥርሴን ነክሼ ልደፋ አስቤ ነበር። ነገር ግን የችግረኛ ወተት ለአሳላፊ ጉርሻ የሚያድል ሾፌር ለራሱ ምን ያህል እንደሚያስቀር ጠይቃችኋል? እህሉን እንዳያስቀርባችሁ የምትፈሩት ሰው እህሉን እያስቀረባችሁ ነው። እናንተም በእኔ አንገት ልታባብሉት ፈለጋችሁ።

6. ስለ ጉርሻው ልክ። ክንዴ ታስሮ ተኝቼ ያሰብሁት ይህን ነው። ጉርሻ ልክ ስላልነበረው ዳምጤ የፈለገውን ያህል ሰጠ፣ በሰጠውም ልክ የፈለገውን ጠየቀ። ስለዚህ በከተማው ያሉ የእኛ ምግብ ቤቶች ሁሉ አንድ ደንብ እንዲይዙ እጠይቃለሁ፦

ጉርሻ ከሒሳቡ አንድ አሥረኛ ይሁን፤ ከዚያ አይብለጥ። ገንዘብ ብቻ ይሁን፤ ወተትም፣ ሳሙናም፣ ጨርቅም አይሁን። እንግዳው ሲወጣ ሰው እያየው በር አጠገብ ካለው ሣጥን ይክተት እንጂ ከሰሃንና ከወንበር ሥር አይተው። አሳላፊዋም፣ ወጥ ሠሪዋም፣ ሰሃን አጣቢዋም ይካፈሉት፤ ባለቤቱ እጁን አያስገባ። ምንም ያልሰጠ ሰው በሚቀጥለው ቀን ያው ምግብ በዚያው ፊት ይቅረብለት። ከአሥረኛው በላይ መስጠት ያማረው መጠለያው ሩቅ አይደለም፣ ሄዶ እዚያ ይስጥ። ከዚህ በላይ ለአሳላፊ የሚሰጥ ሰው ሌላ ነገር እየገዛ ነው፤ እኛም የምንሸጠው ምግብ ብቻ ነው።

7. የምጠይቀው። ውሳኔው ይሻር። ለበላይነሽ ሕክምና ዳምጤ ይክፈል። ድንጋይ መሸከም ካለበት፣ ከቁስሉ ሲድን እሱ ይሸከም፤ መጀመሪያም በላይነሽ እግር ሥር ይደፋ። «ተነሥ» ማለትና አለማለት የእሷ ፈንታ ነው።

ከሁሉ ያሳዘነኝን ልጨምር። ትናንት አቶ በድሩ ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ እባክሽ ድንጋዩን ተሸከሚና ይለቅ። ቤቴን አታዘጊብኝ» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የመጣሁ ሰሞን ያጎረሱኝ እሳቸው ናቸው። ራሒማ ግን ከመጋረጃው ኋላ ሆና፣ «ያባ፣ ያ ሰውዬ በሩን የዘጋው እኮ እኔ እቤት አለመኖሬን አይቶ ነው። ብኖርስ ኖሮ?» አለቻቸው። ያን ጊዜ ነው የቆረጥሁት።

ጉባኤው ለፖሊስ እንደሚሰጠኝ ዝቶብኛል። ዛቻው ለምን እንደሚያስፈራ አውቃለሁ፤ በዚህ ከተማ ጅራፍ ሲወርድ አይቻለሁ፣ ከጅራፉ በኋላም እስከ ድንበር የሚጭን መኪና እንዳለ አውቃለሁ። ሆኖም ሌላ ሰው እጄን ይዞ አይወስደኝም። ይህ አቤቱታ በሰው እጅ ሲደርስዎ እኔ ጣቢያው ውስጥ ነኝ፤ የመጣሁትም ልከሰስ ሳይሆን ልከስ ነው። በላይነሽ ምስክሬ ናት። ዐረብኛውን የምትተረጉምልኝ ራሒማ ናት። ያቃጠልሁትን እንዳቃጠልሁት፣ የመታሁትን እንደመታሁት እናገራለሁ። ወተቱ ከማን ሎሪ እንደወረደ፣ ጉባኤውም ይህን እያወቀ ምን እንደፈረደ ከተጠየቅሁ አልደብቅም።

ጣቢያው ከእርስዎ ቤት ሩቅ አይደለም። የወገኖቼ ሰብሳቢ ነዎትና፣ መጥተው ከማን ጎን እንደሚቆሙ ቃሌን ሳልጨርስ ይወስኑ።

ከማይደፋ ሰላምታ ጋር

ውባየሁ አየነው
(ፊርማ)