የመጋዙ ማቆሚያ ለፋሲካ አይደርስም

ውድ እናቴ፣ ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ይህን ብርድ እንዴት ቻለው? ላሟ ወለደች ወይ? ቶአደርስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ድካም ብቻ ነው፤ እሱም ተኝቼ የሚወጣልኝ ዓይነት አይደለም።

በስልክ ያልነገርኩሽ ወንድሜ ቶአደር አጠገብሽ ሆኖ ስለሚሰማ ነው። አንቺ አስቀድመሽ እወቂው፤ እሱ ለሚሠራበት እንጨት መሰንጠቂያ የምንሠራው፣ እጅ ሲጠጋ መጋዙን ቀጥ ያደርጋል ያልኩሽ መሣሪያ ለፋሲካ አይመጣም። ያስቀረሁትም እኔው ነኝ።

መሣሪያው በካሜራ አይቶ፣ እጅ መሆኑን ለይቶ፣ ጥርሱ ሳይደርስ ማቆም አለበት። ስሌቱን አንድ የኮምፒውተር አንጎል ብቻውን ሲሠራው ዘገየብን፤ ስለዚህ ምስሉን ቆራርሰን ለስምንት አንጎሎች አካፈልነው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲሠሩ። እንደ ሰፈራችን የሣር አጨዳ ደቦ በይው። አለቃችን ኦክታቪያን አማካይ ፍጥነቱን አይቶ «ይኸው፣ በረረ እኮ! በቃ ፈርሚና እንገላገል» አለ። እኔ ግን አማካዩን ትቼ በጣም የዘገየበትን ጊዜ መለካት ጀመርኩ። ደቦ የሚያልቀው የመጨረሻው አጫጅ ሲጨርስ ነው። አልፎ አልፎ ሰባቱ ጨርሰው አንዱ ይጎተታል፤ ሰባቱ ይጠብቁታል፣ መጋዙ ግን ማንንም አይጠብቅም። ለእጅ ደግሞ ዘግይቶ የመጣ ትክክለኛ መልስ ከስህተት አይለይም።

ይህን ስነግረው ተቆጣ። «ሠራተኞቹ አሁን እኮ ጭራሽ ምንም መከላከያ የላቸውም! አንቺ እንከን ስትለቅሚ ሰው ጣቱን ያጣል» አለኝ። እኔም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ጣት ግን አይለቀምም» አልኩት። አፌን ሞልቼ ብናገርም እሱ ያለው ውሸት የለውም፤ እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው።

ግን ልጅሽን አላውቀውም እንዴ? የመሰንጠቂያው ባለቤት ቄሱን ጠርቶ፣ መሣሪያው ጠበል ተረጭቶ፣ ፓሊንካው፣ አረቄው፣ ከተቀዳ በኋላ ቶአደር ጓንቱን አውልቆ «ኑ፣ ጉድ እዩ!» እያለ እጁን ወደ ጥርሱ የሚሰድ ሰው ነው። ዛሬ የሚጠነቀቀው ስለሚፈራ ነው። ፍርሃቱን ወስጄ አንዳንዴ የሚያንቀላፋ ዘበኛ ልሰጠው አልቻልኩም። አልፈረምኩም።

ከዚያ ወዲህ ቢሮ ውስጥ ከልቡ ሰላም የሚለኝ የለም። ሥራውን ለአራት ብቻ አካፍዬ እንደ አዲስ እየሞከርኩ ነው፤ በአማካይ ይዘገያል፣ ግን እስካሁን ከልኩ አላለፈም። መቼ እንደሚያልቅ አላውቅም። ደክሞኛል፣ እማዬ። ጎረቤቱ «የልጅሽ መሣሪያ የት ቀረ?» ሲልሽ እንደምታፍሪ አውቃለሁ፤ ይቅር በይኝ።

አክስቴ ፍሎአሬን ለላከችው የፕሪም ማርማላታ አመስግኚልኝ። አያቴን ጉንጩን ሳሚልኝ። ቄሱንም ለጊዜው ሌላ ቤት ይባርኩ በያቸው። ቶአደር ስትነግሪው ይሰድበኛል፤ ይስደበኝ። ተሳድቦ ሲወጣለት እጆቹን፣ ሁለቱንም፣ ሳሚልኝ።

ልጅሽ ኢሊንካ
ቲሚሾዋራ፣ ማርች 9 ቀን 2019